ዓሣውና የአክስቱ ልጅ

ቤተሰቡ «ዓሣው» የሚል ስም ያወጣለት ገና ልጅ ሳለ ነው። ከወንዝ ያመጣቸውን ዓሣዎች የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ እያኖረ፣ እናቱ ልብስ የምታጥብበት አጥታ ስትጮህ ትውል ነበር። አንድ ኮሌጅ የሁለት ዓመት የዱር እንስሳትና የዓሣ ሀብት ትምህርት ሲጀምር፣ ማንንም ሳያማክር ጓዙን ጠቅልሎ ኮሌጁ አጠገብ አክስቱ ቤት ገባ።

ያላሰበው የአክስቱን ልጅ ነው። ቀጮ ይሏታል፤ ነፋስ የሚወስዳት የምትመስል ልጅ ናት። እሷ የፈለገችው ነርስ መሆን ነበር። እዚያ ቦታ ሲሞላባት፣ ቤት ከመቀመጥ ብላ እሱ ክፍል ተመዘገበች።

«አንቺ ዓሣ የምታውቂው ሳህን ላይ ነው» ብሎ ሳቀባት።

«እሱም አጥንቱ ያንቀኛል» አለች፣ አብራው እየሳቀች።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። መረብ መጠገን ሲማሩ የእሱ ቋጠሮ እየተፈታ አስቸገረው፤ የእሷ ጥብቅ ብሎ ያዘ። መጽሐፉን በቃሉ የሚወጣው እሱ፣ በፈተና የሚበልጠውም እሱ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር በእጅ መያዝ ሲመጣ የመምህሩ ዓይን የሚፈልገው ቀጮን ነበር።

አንድ ቀን ለተግባር ትምህርት በወረዱበት ሐይቅ ዳር፣ የዓሣ አጥማጅ ክር ክንፉ ላይ የተጠመጠመበት ፔሊካን የሚባል ትልቅ የውሃ ወፍ ተገኘ። መምህሩ «ማን ይይዘዋል?» ከማለታቸው ዓሣው ዘሎ ገባ። አንገቱን ሊይዝ እጁን ሲሰድ ወፉ በዚያ ረጅም መንቁሩ ግንባሩን ገሸለጠው፤ ጭቃው ላይ በጀርባው ተዘረጋ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ቀጮ ሹራቧን አወለቀች፤ ከኋላ ቀርባ የወፉን ራስ ሸፈነችና ክንፎቹን አጥፋ ብብቷ ሥር ሸጎጠችው። ወፉ ጸጥ አለ።

መምህሩ ክሩን ቆርጠው ሲያበቁ «እጅ ማለት እንዲህ ነው!» አሉ።

እራት ላይ አክስቱ «እስኪ ዓሣው የወደቀበትን ድገሚልኝ» እያለች እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ እራቱን ግን ሳይጨርስ ተነሣ። ከዚያ ወዲያ ቀጮ በር ስትከፍት፣ ስታስል እንኳ ደሙ ይፈላ ጀመር።

ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል ሐይቁ ላይ ያለው የምርምር ጣቢያ ለልምምድ አንድ ተማሪ ጠየቀ። ደህና የሠራ እዚያው ይቀጠራል። መምህሩ ቀጮን መረጡ። እሷ ግን ያን ቀን እናቷን ሐኪም ቤት ይዛ ስለሄደች ክፍል አልነበረችም።

«አንድ ቤት ናችሁ አይደል?» አሉት ዓሣውን። «ነገ ጠዋት ጀልባው ሳይነሣ እንድትደርስ ንገራት። አደራ!»

«እሺ ቲቸር።»

ቤት ሲገባ ቀጮ የእናቷን እግር ታሻለች። «ዛሬ ምን አመለጠኝ?» አለችው።

ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። «ምንም» አለና ጫማውን ለማውለቅ ጎንበስ አለ።

በማግስቱ ጀልባው ዘንድ የደረሰው እሱ ነው። መምህሩ «እሷስ?» ሲሉት «እናቷን ትታ መምጣት አልቻለችም፤ አንተ ሂድልኝ አለችኝ» አላቸው። ውሸቱ እንዲያ አምሮ ከአፉ መውጣቱ ራሱን አስደነገጠው። ጀልባው ግን ይዞት ሄደ።

ለእረፍት ሲመለስ ቀጮ ሁሉንም ከመምህሩ ሰምታ በር ላይ ጠበቀችው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ረሳሁት።»

«አንተ? የሐይቅ ነገር? አንተ ትረሳለህ?»

አክስቱ ከውስጥ «ምን ሆናችሁ?» አለች። ቀጮ ዓይኗን ከእሱ ላይ ሳትነቅል «ምንም እማዬ፤ የሐይቁን ሥራ ለእሱ ተውኩለት፣ እሱን እያወራን ነው» አለች።

«ተባረኪ ልጄ!»

ከስድብ ይልቅ ያ ምርቃት አንገበገበው። በደጉም ነገር በለጠችው።

ጣቢያው ቀጠረው። እሷ ደግሞ የዓሣ ጫጩት ማራቢያ ገባች፤ በዓመቱ ሐይቁ ውስጥ የሚለቀቁ ጫጩቶች በመኪና ጭና ብቅ አለች። ጀልባ ነጂውም ዘበኛውም ከበቧት። ለዓሣው ሰላምታ መስጠት የሚከብደው የጣቢያው አለቃ ወንበር አቀረበላት።

ዓሣው ጫጩቶቹ ያሉበትን ባልዲ ተቀብሎ ሐይቁ ውስጥ ሊገለብጠው ሲል የእጁን አንጓ ያዘችው። «ቀስ! መጀመሪያ ባልዲውን ከነዓሣዎቹ ውሃው ውስጥ አስቀምጠው፤ የሐይቁን ሙቀት ይልመዱት።»

«አውቃለሁ!» አለ ቆጣ ብሎ። ያውቅም ነበር።

ጎን ለጎን ተንበርክከው ሲጠብቁ «ያኔ ለእናትሽ ለምን አላጋለጥሽኝም?» አላት።

«ታባርርህ ነበራ። የት ልትሄድ?» አለችና የባልዲውን ውሃ በጣቷ ነክታ «ግን እንዳትሳሳት፣ አልረሳሁትም። ሐይቁን እኔም ወድጄው ነበር» አለችው።

ከዚያ ባልዲውን ዘንበል አደረገችው። ጫጩቶቹ በጣቶቿ መሃል እየተንሸራተቱ ወጡ፤ አንዳንዶቹ መዳፏ ላይ ትንሽ ዘገዩ። ዓሣው ይህን ሲያይ ያ ቅናት እንደገና ቆነጠጠው። ቢሆንም፣ እየቆነጠጠው፣ ይቅርታ ጠየቃት።