ፎጣ የተቀበሉ ሰዎች

ወንድሜ ሶሄይና እኔ የተወለድንባት የጃፓን መንደር ኩሬሳዋ ዛሬ ከግድብ ውሃ ሥር ናት። የመንደሯን ወረቀቶች በአውራጃው መዝገብ ቤት የምጠብቀው እኔ ነኝ።

የግድቡ ሰዎች መጀመሪያ የመጡት ፎጣ ይዘው ነበር። በአገራችን ግንባታ የሚጀምር ሁሉ ለጎረቤት እንደሚያደርገው፣ በየቤቱ እየዞሩ ጎንበስ ብለው፣ እናስቸግራችኋለን እያሉ በወረቀት የተጠቀለለ ፎጣ ሰጡ። አባታችን በሁለት እጁ ተቀብሎ አመሰገነ። ፎጣ የተቀበለ ሰው ከዚያ በኋላ ምን ብሎ ይቃወማል? ሶሄይ ይህን ይቅር አላለውም፤ አባታችን እስኪሞት ድረስ ደጁን አልረገጠም።

ኦሳካ ሄዶ የቪዲዮ ጌም ጸሐፊ ሆነ። ጀግናው ከመንደር መንደር እየዞረ ሰው የሚያነጋግርበት ዓይነት ጌም ነው። በአንደኛው ውስጥ አንዲት አሮጊት ሐይቅ ዳር አስቀመጠ። ጀግናው ሲያናግራት፣ "መጀመሪያ ፎጣ ሰጡን፤ ከዚያ ውሃውን ለቀቁብን" ትለዋለች። ሌላ ንግግር የላትም።

ጌሙ ለውጭ አገር ሲተረጎም ፎጣው ለተርጓሚዎቹ አልገባቸውም፤ ጌሙን የሚያወጣው ድርጅትም መንግሥትን የሚነካ ነገር አልፈለገም። አሮጊቷ መንደሩን ያሰጠመው ጋኔን ነው እንድትል ተደረገ። ሶሄይ ያን ጊዜ ሳቀ።

"ጋኔኑ ከግድቡ ሰዎች ይሻላል፤ ቢያንስ ስብሰባ አይጠራም" አለኝ።

የሳቀው በእኛው ቋንቋ ቃሏ ስላልተነካ ነበር። ጉበቱን ካንሰር በያዘው ዓመት ግን ድርጅቱ ጌሙን እንደ አዲስ ሊያወጣ ተነሣ። በሁሉም አገር አንድ ዓይነት እንዲሆን ብለው የውጭውን ጽሑፍ መነሻ አደረጉና ወደ ጃፓንኛ መልሰው ተረጎሙት። ጋኔኑ አገራችን ገባ።

ሶሄይ ሌላውን ሁሉ ትቶ ያችን አንዲት ንግግር እንዲመልሱለት ለመነ። የሥራው ኃላፊ ሂራኖ ያንኑ ጌም እየተጫወተ ያደገ ሰው ነው፤ የተቻለኝን አደርጋለሁ አለው። ወንድሜ ሆስፒታል ተኝቶ ይህን ጠበቀ። እህል ሲያስጠላው እንኳ ሂራኖ ደውሎ እንደሆነ ይጠይቀኝ ነበር።

አልደወለም፤ ራሱ መጣ። ስለ ሕመሙ ጠየቀ፣ ስለ ዝናቡ አወራ። ከዚያ ከቦርሳው በላስቲክ የታሸገ አንድ ጥቅል አወጣ።

"ለጌሙ መውጫ ያሠራነው ማስታወሻ ነው፣ ጌታዬ። ትንሽ ነገር ናት።"

ፎጣ ነበር። ሐይቁና አሮጊቷ የተጠለፉበት ጫፉ በላስቲኩ ውስጥ ይታያል።

ሶሄይ መርፌ የተሰካበትን እጁን ከሌላው ጋር አንሥቶ ፎጣውን በሁለት እጁ ተቀበለ። አመሰገነም። ሂራኖ ስለ አሮጊቷ ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ "ገባኝ፤ ይብቃህ" አለው። ወደ እኔም ዞሮ፣ "ቺዙ፣ ሻይ ስጪው እንጂ" አለኝ።

እንግዳው ከሄደ በኋላ ሶሄይ ጠየቀኝ።

"አባባ ያን ፎጣ ምን አደረገው?"

"አልፈታውም። እስከነወረቀቱ እኔ ጋ አለ።"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጌሙ ከመውጣቱ በፊት ሞተ። አስከሬኑ ወደሚቃጠልበት ቤት ከመወሰዱ በፊት ሣጥኑ ሲዘጋ የአባታችንን ፎጣ ከራስጌው አኖርኩለት። ከኩሬሳዋ የተረፈ ማስረጃ በእጄ ለእሳት ስሰጥ የመጀመሪያዬ ነው። ሂራኖ ያመጣው ፎጣ እቤቴ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ አልፈታሁትም።