አንድ ባልዲ ፐርች

ባለቤቴ የዝዋይ ልጅ ነው። አባቱ አሳ አጥማጅ ነበሩ፤ እሱም ከልጅነቱ ጀምሮ ጀልባ ላይ መረብ ሲጎትት ያደገ ሰው ነው። ለንደን፣ ቶተንሃም ስንገባ ከምንኖርባቸው ሕንፃዎች ጀርባ ትንሽ ሐይቅ መኖሯን ከእኔ ቀድሞ ያወቀው እሱ ነበር። ከሆቴል ጽዳት ሥራው ሲመለስ ቤት ሳይገባ በዚያ በኩል ያልፋል። ቆይቶም ሐይቋን የሚያስተዳድረው የአጥማጆች ክለብ አባል ሆነ። ከእሱ በቀር ሐበሻ አልነበረም።

አሳዎቹ ግን አሳዘኑት። እዚያ የሚያዘው ፐርች የሚሉት ነው፤ ጎኑ ላይ ጥቁር ሰንበር ያለው፣ ክንፉ የቀላ አሳ። ሁሉም ጣት ያህላሉ፤ ጭንቅላታቸው ትልቅ፣ ገላቸው ቀጭን።

«ሕፃናት መስለውኝ ነበር» አለኝ አንድ ቀን። «ለካ አርጅተዋል።»

የክለቡ ሊቀመንበር ጡረታ የወጡ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ነበሩ። የባለቤቴ እንግሊዝኛ ያኔ ገና ስለነበር ቅዳሜ ቅዳሜ መሃላቸው ቆሜ አስተረጉም ነበር። ነገሩን ያስረዱን እሳቸው ናቸው። ድሮ ፓይክ የሚባል ትልቅ አዳኝ አሳ ሐይቋ ውስጥ ነበር። አባላቱ «አሳችንን ጨረሰብን» ብለው አጠፉት። ከዚያ ወዲህ ፐርቹን የሚነካው የለም። አጥማጁም ቢሆን ፎቶ አንስቶ መልሶ ይለቀዋል። አሳው ይባዛል፤ ምግቡ ግን ያው ነው። ሁሉም በግማሽ ሆድ ይኖራል፤ አይሞትም፣ አያድግም። ከከተማ ወጣ ብሎ ባለው የክለቡ ሁለተኛ ሐይቅ ግን ፓይክ አለ። እዚያ ፐርቹ ጥቂት ነው፤ ግን ክንድ ያህላል።

ባለቤቴ ሳቀ። «የእኛ ተቃራኒ ነው በያቸው። እኛ ትልቁን ትልቁን ለቅመን ጨረስንና ቆሮሶ የምንለው አሳችን ገላው አነሰ። እዚህ ደግሞ የሚለቅመው ጠፍቶ አነሰ።»

ስነግራቸው ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተዋደዱ።

ፐርቹን እንዲያሳሱት ሁለቱ ሆነው ሁለት ፓይክ ከዚያኛው ሐይቅ አምጥተው ለቀቁ። ከዚያም በየሳምንቱ ባለቤቴ ትንንሾቹን በወጥመድ እየያዘ ባልዲ ውስጥ ይጨምራል፤ ሽማግሌው በመኪናቸው ጭነው ወደ ሁለተኛው ሐይቅ ይወስዳሉ። አባላቱ እንደማይወዱት ስለሚያውቁ ለማንም አልተናገሩም። «ውጤቱን ሲያዩ ያመሰግኑናል» ይሉ ነበር ሽማግሌው። ክረምትና በጋ እንዲህ ሠሩ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሻይ ይዤለት ስሄድ ባልዲው ሞልቶ አጠገቡ ተቀምጧል። ሽማግሌው አልመጡም፤ ስልካቸውም አይነሳም። እየጠበቅን ሳለ ሁለት አባላት መጡ። አንደኛው ጎንበስ ብሎ ባልዲውን አየ።

«ይኸው» አለ ለጓደኛው። «አሳችን የት እንደሚገባ አሁን ገባኝ። ወስደው ይበሉታል።»

«ምን አለ?» አለኝ ባለቤቴ።

«ልትበላው ነው የምትወስደው ይልሃል።»

ባልዲውን አየው። «ይሄን? ይሄን ድመትስ ይበላዋል? ሽማግሌውን ጠይቁ በይው።»

አልኩት። ሰውየው የሽማግሌውን ሚስት ስልክ ያውቅ ነበርና ደወለ። ሲያዳምጥ ፊቱ ተለዋወጠ። ሽማግሌው ሌሊት ስትሮክ መቷቸው ሆስፒታል ገብተዋል፤ መናገር አይችሉም። ስልኩን ዘጋና ዞረብኝ።

«ታዲያ አሁን ማን ይመሰክርላችኋል?»

ባልዲውን አንስቶ ሐይቋ ውስጥ ደፋው። ባለቤቴ ባዶውን ባልዲ ተቀብሎ ተከተለኝ። በሳምንቱ ከክለቡ መሰረዙን በቴክስት ነገሩት።

ሆስፒታል ሄደን ጠየቅናቸው። የባለቤቴን እጅ በደህናው እጃቸው ጭምቅ አድርገው ያዙ፤ አንድ ነገር ሊሉ ይታገላሉ፣ አፋቸው ግን አይታዘዝላቸውም። ባለቤቴ እንግሊዝኛው ጠፍቶበት በአማርኛ «ይተዉት፣ አይድከሙ» አላቸው። ከገና በፊት አረፉ። ቀብራቸው ላይ አባላቱ በአንድ ወገን ቆሙ፤ እኛ በሌላ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ያ ባልዲውን የደፋው ሰው አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አገኘኝ። ሰፈር ውስጥ እንደሚያውቁት ሰው ፈገግ አለልኝ፤ ደስ ብሎት ስለነበር ለማንም ማሳየት ፈልጓል መሰለኝ፣ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። በሁለት እጁ የያዘው ትልቅ ፐርች፣ ትከሻው የሞላ፣ ክንፉ ደም የመሰለ።

«ከዚችው ከእኛ ሐይቅ ነው» አለኝ። «ማንም ሳይነካት ራሷን አዳነች።»

«ባለቤቴ ነው ያዳናት» አልኩት። «ባለቤቴና ሊቀመንበራችሁ።»

«ማን?» አለኝ።

እያሾፈ አልነበረም። ከልቡ ረስቶታል። ለማስረዳት አፌን ስከፍት አውቶቡሱ መጣና ተሳፍሮ ሄደ።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ሰውየው አልነበረም።

«ትከሻው ሞልቷል?»

«ሞልቷል።»

«ክንፉስ?»

«ቀይ ነው። በጣም ቀይ።»

«ፓይኮቹ አልሞቱም ማለት ነው» አለ።

«ሐይቋን ሄደን እንያት?»

«እኔ እዚያ ምን አለኝ?» ብሎ ተነሳና የሥራ ልብሱን መተኮስ ጀመረ። ቅዳሜም ይሠራል አሁን፤ የሥራ ፈረቃውን ራሱ ነው ጠይቆ ያስቀየረው።

እሱ ትቶታል፤ ቢያንስ የተወ ይመስላል። እኔ ግን አልተውኩትም። ቢሰድቡን፣ ቢጠሉን እችለው ነበር። ያ ሰው ስማችንን አጥፍቶ፣ ማጥፋቱን እንኳን ረስቶ፣ አሳውን አቅፎ ፎቶ መነሳቱ ነው እስካሁን ያልዋጥኩት።