ጀልዴሳ ማለት ጓድ ማለት ነው

በደርግ ጊዜ ጅማ መርካቶ ቡና ለቃሚ ነበርኩ። ፊደል ያስቆጠረኝ የለም፤ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ እየፈለቀቅኩ ነው የያዝኩት። ስለዚህ ቀበሌያችን ለመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ሲመዘግብ ስሜ ዝርዝሩ ውስጥ የገባ ዕለት፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እግሬ መሬት አልነካም።

ዝርዝሩን የያዘው ካድሬ ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ ኦሮምኛ አንዲት ቃል አይሰማም። እሑድ እሑድ በውይይት ክበብ ዝግመተ ለውጥ ያስተምረናል። በጠመኔ ዝንጀሮ ይስላል፣ ቀጥሎ የጎበጠ ሰው፣ ቀጥሎ ቀጥ ያለ፣ መጨረሻ ላይ መዶሻ የያዘ።

«ኅብረተሰብም እንዲሁ ነው» ይላል፤ «ከባላባት ወደ ከበርቴ፣ ከዚያ ወደኛ።»

እኔ ነገሩን ወደድኩት። ዛሬ ያለው ሁሉ እንዳለ አይቀርም ማለት አይደል? እጄን አወጣሁ።

«ጓድ፣ መዶሻ ከያዘው ቀጥሎስ ምን ይመጣል? እርስዎም ያልፋሉ ማለት ነው?»

ካድሬው ጠመኔውን ዝንጀሮው ላይ አሳረፈ።

«አንቺ ለመዶሻው አትጨነቂ። አንዳንዱ ሰው ጭራው ገና አልወደቀም።»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እዚያው ብዕሩን አውጥቶ ከአስተማሪዎቹ ዝርዝር ስሜን ሰረዘው። ከማግስቱ ጀምሮ መልቀሚያው ውስጥ መጠሪያዬ ጭራ ሆነ። «ጭራ፣ ወንፊቱን አቀብዪኝ» ይሉኛል፤ አቀብላለሁ። ቂሜን ግን እንደ እሸት ቡና አስጥቼ፣ እያገላበጥኩ ጠበቅኩ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ካድሬው አጋሮ ለገበሬዎች ሊናገር ሲል አስተርጓሚው ታመመ። ሁለቱንም ቋንቋ ታውቃለች ተብዬ እኔ ተጠራሁ። መኪና ውስጥ፣

«ስሚ» አለኝ፤ «በቋንቋቸው ሰላም ልበላቸው። ‹እኔ ጓዳችሁ ነኝ› እንዴት ይባላል?»

ጓድ በኦሮምኛ ጃሌ ነው። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«አኒ ጀልዴሳ ኬሰን» አልኩት። ጀልዴሳ ዝንጀሮ ነው።

እስከ አጋሮ ሲያጠናው ሄደ። ስብሰባው ላይ ቡጢውን አንሥቶ በሙሉ ድምፁ ተናገረው። ገበሬው መጀመሪያ ክው አለ፤ በቆሎውን ዝንጀሮ የሚጨርስበት ሰው ነው። ከዚያ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ በኦሮምኛ «ወላሂ፣ እኛም ጠርጥረን ነበር» አሉ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ።

«ምን አሉ?» አለኝ።

«ድሮም እናውቅዎታለን አሉ፣ ጓድ።»

ደስ ብሎት ሁለቴ ደገመው።

ወሬው እሱን ቀድሞ ጅማ ገባ። የመርካቶ ነጋዴ «ጀልዴሳ፣ እንዴት አደርክ?» ይለዋል፤ እሱም እጁን ያነሣል። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። በኋላ አንዱ ትርጉሙን ነገረውና ቀበሌ አስጠራኝ። በሩን ዘጋው። በዚያ ዘመን ከዚያ በር ገብቶ ያልወጣ ሰው አውቃለሁ።

«ሰድበሽኛል» አለ።

«ስድብ ነው እንዴ፣ ጓድ? ሁላችንም ከሱ መጣን ያሉን እርስዎ ነዎት። ስድብ ከሆነ ያስተማሩን ውሸት ነበር ማለት ነው። ልክሰስሽ ካሉም ሪፖርቱ ላይ ቃሉን ራስዎ ሊጽፉት ነው። አጋሮ ላይ ምን እንዳሉም ጭምር።»

በሩን አየ፣ እኔን አየ። ያ አስተያየቱ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ሆዴን ይሞቀዋል። በመጨረሻ ዝርዝሩን ከመሳቢያ አውጥቶ ብዕሩን ከፈተ።

«አይድከሙ» አልኩና ብዕሩን ከእጁ ወሰድኩ።

ከሰረዘው ስሜ በላይ፣ ያንኑ ስሜን በትልቁ ጻፍኩት። እሱ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ እኔም አልቸኮልኩም።