በውሰት የመጣ ጤና

ቁርጥማቱ የያዘኝ ገና ሳላገባ ነው። ጣቶቼ አብጠውና ደርቀው ስለሚያድሩ ጠዋት ጠዋት የቀሚሴን ቁልፍ የምትቆልፍልኝ እህቴ ነበረች። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ይህን የማያውቅ ጎረቤት የለንም። እጄ ባይሠራም ምላሴ ግን ደህና ነበር።

ደሴ ያየኝ ሐኪም፣ ይህ ብርድ አይደለም፣ የሰውነትሽ መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያሽን እያጠቃ ነው አለኝ። አግብቼ ልጅ እንደምፈልግ ስነግረው እወስደው የነበረውን ጠንካራ መድኃኒት አስቀድሞ አስቆመኝና፣ «ስታረግዢ በሽታው ጋብ ሊልልሽ ይችላል። ከወለድሽ በኋላ ግን ሊነሳብሽ ስለሚችል፣ ካመመሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ነይ» አለ። እኔ ልብ ያልኩት የፊተኛውን ግማሽ ብቻ ነው።

አግብቼ አረገዝኩ፤ እንዳለውም በአራተኛው ወር እጄ ተፈታ። ልብስ አጥቤ ጨመቅሁ፤ ዓሣ በራሴ እጅ በለትኩ። አማቴ ግን ምስጋናውን ለሐኪሙ አልሰጡትም። ሴቶች ተሰብስበው ዱዓ በሚያደርጉበት የሐሙስ ወዳጃ ላይ፣ «ቁርጥማቱ ምራቴን ይተዋት እንጂ ፍየል አርዳለሁ» ብለው ተስለው ኖሯል። ፍየሉ ታረደ። እኔም የስምንት ወር ሆዴን ይዤ መሀል ቆምኩና እጄን እየጨበጥኩ እየዘረጋሁ አሳየሁ። «ድኛለሁ፣ አልሐምዱሊላህ!» አልኩ። ሴቶቹ እልል አሉ። አንዲት አሮጊትማ ጉልበታቸውን እንድዳብስላቸው ጠሩኝ፤ ደባበስኳቸው። የሐኪሙን ቃል እያወቅሁ! ያን ድፍረት ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ሴት ልጅ ወለድኩ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት መጠቅለያዋን ላስር ብል ጣቶቼ አልታጠፍ አሉ። ምን ብዬ ልናገር? ፍየሉ ተበልቷል፣ ተመርቆበታል። በክንዴ እያቀፍኩ፣ በጥርሴ እየቋጠርኩ ጥቂት ቀን ደበቅሁት።

አማቴ ሲደርሱብኝ አልተቆጡም። «አብሽሪ ልጄ፣ የአራስ ብርድ ነው» አሉና በቅቤ አሽተውኝ በሩን ዘጉ።

«እማ፣ ደሴ ልሂድ» አልኳቸው።

«አርባ ቀን ሳይሞላሽ? አራስ መንገድ ትወጣለች እንዴ!»

አልተሟገትኩም። ዳንኩ ብዬ የመሰከርኩት በገዛ አፌ ነው።

በዚያው ሳምንት ልጄን በሳፋ ሳጥባት የእጄ አንጓ ከዳኝና ከነፊቷ ውኃው ውስጥ ገባች። አማቴ መንጭቀው አወጧት። ሳለች፣ አለቀሰች፣ ተረፈች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄን አይሰጡኝም። ለመጥባት ብቻ አጠገቤ ያስተኟታል፤ ስትጠግብ ያነሷታል። ከመጋረጃው ወዲያ ስታለቅስ እሰማለሁ፤ በሌላ ሴት ትከሻ ላይ ዝም ስትል ደግሞ እሰማለሁ። ዝም ባትል እመርጥ ነበር። እንዲህ ያለ ክፉ ልብ አወጣሁ።

አርባ ቀኔ ሲሞላ ውጫሌ ገበያ እህል የሚነግደው ባሌ ሥራውን ትቶ፣ ልጃችንን ታቅፎ ደሴ ወሰደኝ። ሐኪሙ እጄን አገላብጦ አየና፣ «ነግሬሽ አልነበር?» አለ። የቀድሞው መድኃኒት ለምታጠባ እናት አይሆንም ብሎ ሌላ ጀመረልኝ። መቼ እንደሚያሽለኝ ብጠይቀው ቁርጡን አልነገረኝም፤ እንዳልለምነው መሰለኝ ቀና ብሎም አላየኝ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ልጄ ባሌ ደረት ላይ ተኝታለች። እጄን ዘርግቼ እግሯን ነካሁና ቶሎ መለስኩት።

«ስማኝማ» አልኩት፣ «እንደገና ላርግዝ።»

ወንድ ልጅ የተመኘሁ መስሎት ሳቅ አለ። «ይችን ሳናሳድግ? ምን አስቸኮለሽ?»

«ይችኑ እንዳቅፋት ነው» አልኩት።