የሳሎኑ ግድግዳ የፈረሰ ዕለት

ሆሳዕና ያለው ቤታችን በአንድ ጊዜ የተሠራ አይደለም። መሃሉን አባታችን ከፎንቆ እንደመጣ በጽድ ምሰሶና በወፍራም ጭቃ ያቆመው ነው። ልጆች ስንበዛ ከኋላ የብሎኬት ክፍሎች ተጨመሩ፤ በረንዳውም ተዘግቶ ክፍል ሆነ። ሌባ በዛ ሲባል ደግሞ መስኮቶቹ ላይ የብረት ፍርግርግ ተበየደ። አባታችን ካረፈ ወዲህ እኔና እናቴ ብቻችንን እንኖርበት ነበር።

አስፋልቱ ደጃችን ሲደርስ ታላቅ ወንድሜ ሳሎኑንና የድሮውን በረንዳ አንድ አድርጎ ሱቅ ሊያወጣበት ቆርጦ ተነሳ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግንበኛና ሁለት ሠራተኞች ይዞ መጣ።

«እማዬ፣ ለዛሬ ብቻ ጎረቤት ቆዪ» አላት።

«ከቤቴ የትም አልሄድም» ብላ መኝታ ቤቷ ገባችና በሩን ዘጋችው።

እኔ ጓሮ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። የዶማው ድምፅ ድንገት ቆመ፤ ቀጥሎ ቆርቆሮው ተንጣጣ፣ እንጨትም ሲሰነጠቅ ሰማሁ። ሮጬ ስገባ የሳሎኑ ኮርኒስ ወደ ታች ጎብጧል፤ ሠራተኞቹ አቧራ ለብሰው ወደ ውጭ ይሮጣሉ። ግድግዳው ክፍል መለያ ብቻ መስሏቸው ነበር። ለካ ጣሪያውን የያዘው እሱ ኖሯል።

«እማዬ! በሩን ሳቢው!» ብዬ ጮህኩ።

«አልከፈት አለኝ» አለች ከውስጥ።

ወንድሜ በሩን በእግሩ ሊመታ ሲቃጣ ግንበኛው እጁን ያዘው። «ተው! ጣሪያው መቃኑ ላይ ነው ያረፈው!»

በውጭ ዞሬ ወደ መኝታ ቤቷ መስኮት ሄድኩ። ፍርግርጉን ይዤ ብነቀንቀውም ንቅንቅ አላለም። እናቴ ከብረቱ ማዶ ቆማ ታየኛለች። ከላይ አፈር ይረግፋል። ማልቀስ ስጀምር ተቆጣችኝ።

«አታልቅሺ፤ ስሚኝ። ከቁም ሳጥኑ ኋላ በር ነበረ። የብሎኬቱ ቤት ሲሠራ በጭቃ ደፈኑት።»

ይህን በር አላስታውሰውም። ወደ ኋላ ክፍል ገብተን ግድግዳውን እያንኳኳን ስንፈልግ አንዱ ቦታ ላይ ድምፁ ተለየ። ወንድሜ ቀስ እያለ መምታት ጀመረ። በመታ ቁጥር ቆርቆሮው ሲንኳኳ ይሰማል። ጭቃው ተናደ፣ ማገሩ ተሰበረ፣ የቁም ሳጥኑ ጀርባ ተገነጠለ። እናቴ በልብሶቿ መሃል ጎንበስ ብላ ወጣች፤ ፀጉሯ አፈር ለብሶ ነበር።

ወንድሜ እግሯ ላይ ወደቀ። ስትቆጣ እንደምታደርገው በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ በሀዲይሳ ነው የመለሰችለት። «ተነሥ፤ ሰዎቹን መጀመሪያ ከቤቱ አርቅ» አለችው።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለና የፊቱ ጣሪያ ተደረመሰ። ውስጡ ማንም አልነበረም።

አሁን ፊት ለፊት ወንድሜ ያሠራው የብሎኬት ሱቅ አለ። ከአባቴ ቤት የቀረው የእናቴ መኝታ ቤት ነው፤ በባህር ዛፍ ተደግፎ ቆሟል፤ እሷም እንዲፈርስ አልፈቀደችም። ልጇን ይቅር ብላዋለች፤ አብረውም ይበላሉ። ሱቁን ግን አንድም ቀን ረግጣው አታውቅም። ሳሙና እንኳ ስትፈልግ አስፋልቱን ተሻግራ ከጉራጌው ጎረቤታችን ትገዛለች።