የመርከቢቱ በር

እናቴ እስክትሞት ድረስ ከሷ ጋር የኖርሁበት ቤታችን በሩ በመወርወሪያ ተዘግቶ አያውቅም። ጅብ ይምጣ፣ ሌባ ይምጣ፣ ገርበብ ብሎ ያድራል። «ልጄ ሲመጣ ደጅ እንዳይቆም» ትል ነበር። ልጇ ታናሽ ወንድሜ ነው። ከፍኖተ ሰላም ለውትድርና ሄደ፤ ቀይ ባሕር ላይ መርከበኛ ሆነ፤ መንግሥት የተለወጠ ጊዜ ደብዛው ጠፋ። ከኛ መንደር ሄደው ለሞቱት መርዶ መጣ፣ ተለቀሰላቸው። ለሱ ግን መርዶም አልመጣ፣ ልቅሶም አልተቀመጠ።

የባሌ ወንድም በየድግሱ አፉን የሚያሟሸው በሱ ነው። «እሱማ በመርከብ ሸሽቶ የመን ገብቷል። እዚያ አግብቶ ይሄኔ ልጅ ድሮ ይሆናል።»

«ሰርጉን በልተሃል?» እለዋለሁ።

ሰው ይስቃል። ቤቴ ስገባ ግን ብቻዬን እሟገታለሁ። ምድር ላይ የሞተው ጀግና፣ ባሕር ላይ የጠፋው ከጂ የሚባልበት ፍርድ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

እናቴ ስታርፍ፣ ልቅሶውን ሳላደርስለት አልሞትም ብዬ ቆረጥሁ። ቄሱ፣ «ሞቱን ያየ ሰው አምጪና ፍትሐቱን እናደርሳለን» አሉኝ። አልቃሿ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣች። «እቴ፣ ለወንድ ሲለቀስ ፈረሱ ይጠራል፣ ጠመንጃው ይጠራል፣ የዋለበት ይጠራል። የመርከብ ምኑ ይጠራል? እኔ ያየሁት ውኃ ቢኖር የበሬ መጠጫ ነው።» እኔም ባሕር አላየሁም። በሕልሜ ግን ይመጣብኛል፤ ጨለማ ሜዳ ሆኖ፣ ሳር የሌለበት።

ለእናቴ ተዝካር የምለብሰው ነጠላ ልገዛ ቡሬ ወረድሁ። ጨርቅ የምገዛው ሁልጊዜ ከአንድ ሐጂ ሱቅ ነው። ግድግዳቸው ላይ የደበዘዘ ፎቶ አለ። ወፍጮ ቤት ይመስለኝ ነበር፤ ግራጫ ብረት፣ ፊት ለፊት የተከፈተ ሰፊ በር፣ ደጁ ላይ የቆሙ ሰዎች። ያን ቀን ቀለድሁ።

«ሐጂ፣ ይሄ ወፍጮ የት ነው? ወረፋው አያልቅም እንዴ?»

ሳቁ። «እትዬ፣ ወፍጮ አይደለችም። መርከብ ናት። አገልግዬባታለሁ።»

የወንድሜን ስም ነገርኋቸው። ሳቃቸው ቆመ። መቀሱን አስቀመጡ። «እህቱ ነዎት? ይሄን ሁሉ ዘመን ጨርቅ እየሸጥሁልዎት!»

ከዚያ የመርከቢቱን ሥራ አንድ ባንድ ነገሩኝ። ታንክ ጫኝ ነበረች። ሆዷ ጠፍጣፋ ስለሆነ ወደብ አትፈልግም፤ አሸዋው ድረስ መጥታ አፍንጫዋን ትተክላለች። በሯ በሰንሰለት ወደ ፊት ይዘረጋል፣ ታንኩ በዚያ ላይ ይወርዳል። የወንድሜ ሥራ ያ በር ነበር፤ ዘርጋ ሲሉት መዘርጋት፣ አንሳ ሲሉት ማንሳት። መጀመሪያ ታንክ ወደ ምጽዋ አመላለሱ። ከዚያ ዱቄትና የሚጠጣ ውኃ ወደ ዳህላክ ደሴት። ጦርነቱ ሲከፋ ታንኩ በቆመበት ወለል ቁስለኛ ደርድረው ይመለሱ ነበር። «ወለሉን በባሕር ውኃ ስናጥብ እሱ የጎጃም እንጉርጉሮ ያንጎራጉራል» አሉ። «ሥጋችን ባይገናኝም ቆሎውን ካንድ ሳህን ነበር የምንቆረጥመው።»

የመጨረሻው ቀን አሰብ ላይ ነው። ከተማው ሊያዝ ሆነ። መርከቢቱ በሯን ዘርግታ ወታደሩንም፣ ሴቱንም፣ ሕፃኑንም ጫነች። ሞላች፤ ሰው ግን አሁንም በበሩ ላይ ይሮጣል። አንሳ የሚል ትእዛዝ መጣ። ወንድሜ «ሰው አለበት፣ አላነሳም» አለ። ወርዶ፣ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ፣ ሕፃናት ያቀብል ጀመር። ተኩሱ ቀረበ። በሩ ከፊቱ ተነሳ።

«አንዲት ሕፃን በእጁ ነበረች» አሉ ሐጂ። «በሩ ገና ሳይገጥም ወረወረልን፣ ያዝናት። ከዚያ ተመታ። ሲሰምጥ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«በሩን ማን አነሳው?»

«እጁ የአንድ ሰው ነው። ‹አንሳው! አንሳው!› ብሎ የጮኸው ግን ሁላችንም ነን። እሱ ልጆቻቸውን ያቀበላቸው ሴቶችም ጮኸዋል። አንድ ሰው ለይቼ አልሰጥዎትም፣ እትዬ።»

ልቆጣ ፈለግሁ። በማን ላይ? መርከቢቱ የመን ደርሳ እዚያው ታስራ ዛገች። የባሌ ወንድም ግማሹን እውነት ሲያወራ ኖሯል፤ መርከቢቱ ሸሽታለች። ወንድሜ ነው ያልሸሸው።

ሐጂ መጥተው ለቄሱ መሰከሩ፤ ፍትሐቱ ደረሰ። በልቅሶው ዕለት የባሌ ወንድም አፍሮ ይሁን አዝኖ እንጃ፣ ፈረስ ጭኖ መጣ። በኛ አገር የሟች ልብስ በተጫነ ፈረስ ላይ ይደረጋል።

«መልሰህ እሰረው» አልሁት። «ወንድሜ ፈረስ አልነበረውም። ባልነበረው አታልቅሱለት።»

«ታዲያ ልብሱን ምን ላይ ልናደርገው ነው? ባሕር ላይ?»

«እናቴ ያልዘጋችውን የቤታችንን በር ንቀሉልኝ።»

አበደች ተባባሉ። ነቀሉት። አራት ሰው ተሸክሞ ልቅሶው ሜዳ ላይ አቆመው፤ ትቶት የሄደውን ጋቢ አለበስሁት። አልቃሿ ምጽዋን ጠራች፣ ዳህላክን ጠራች፣ አሰብን ጠራች። ዱቄቱን፣ ቁስለኛውን፣ ሰንሰለቱን ጠራች። የተወረወረችው ሕፃን ላይ ስትደርስ ሐጂ ፊታቸውን በጥምጣማቸው ሸፈኑ። የባሌ ወንድም ደረቱን ሲመታ አየሁት። ያን ሲያደርግ ማየት እፈልግ ነበር፤ አልዋሽም።

አመሻሹ ላይ በሩ ቦታው ተመለሰ። የባሌ ወንድም አዲስ መወርወሪያ ጠርቦ አመጣልኝ። «በይ እንግዲህ፣ ተለቅሶለታል። ዝጊው።»

ትክክል ነው። ገፋሁት። ሊገጥም ጥቂት ሲቀረው የውጩ ብርሃን ቀጠነ፤ ውኃ ሲንቦጫረቅ የሰማሁ መሰለኝ። በጋ ነው፤ ወንዛችን ደርቋል። እጄ አልገፋ አለኝ።

መወርወሪያውን ለጥጆቹ ጋጣ አደረግሁት። የልጅ ልጆቼ ሌባ ይገባል እያሉ ይጨቀጭቁኛል። ይግባ።