ለቅበላ ማራገፍ፣ ለፋሲካ መጫን

ካርቱም፣ ዐማራት ሰፈር ውስጥ ዘማርያምን የሚያውቁ ሱዳናውያን ሁሉ መሐንዲስ ነው ብለው ያምኑ ነበር። መሐንዲስ አይደለም። ከጎንደር ወጥቶ አሥራ ሁለት ዓመት የኖረ፣ በአንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀምጦ የኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ማመልከቻ የሚተይብ ሰው ነው። ማዕረጉን ያገኘው ዘፈን ሲሰማ ነው።

የሚሠራበት ኮምፒውተር ከማርጀቱ የተነሳ ሁለት ነገር አንድ ላይ ከከፈቱበት ቀጥ ይላል። አንድ ቀን ሙስዐብ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያስጠርዝ መጥቶ ይህን ጉድ አየና አዘነለት። ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ ሲስተም ጫነለት። ዘማርያም ዘፈን ማጫወቻም እንዲጨምርለት ሲለምነው፣ ሥዕልም አዝራርም የሌለው፣ በጥቁር መስኮት ውስጥ በሚጻፍ ትእዛዝ ብቻ የሚሠራ ማጫወቻ አሳየው። ትእዛዙን ይጽፋሉ፣ ኮምፒውተሩ «ልቀጥል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፣ እሺ ይሉታል፣ ነጫጭ ፊደላት ይግተለተሉና ያበቃል። ማራገፊያውም እንደዚያው ነው። ዘማርያም ሁለቱንም ትእዛዞች ካርቶን ላይ ጽፎ ከስክሪኑ ጀርባ ለጠፋቸው።

የሱቁ ባለቤት ኡስታዝ ሂሻም በሥራ ሰዓት ዘፈን የሚባል ነገር አይወድም። ግን በዚያ በኩል ሲያልፍ ያየው ጥቁር ስክሪን፣ ነጫጭ ፊደላትና ጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ ግንባሩን የቋጠረ ሰው ነበር። «ማሻአላህ፣ ያ ባሽሙሀንዲስ!» አለ፤ ዋና መሐንዲስ ማለቱ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደንበኞች ሲንጫጩ «ቀስ በሉ፣ እየሠራ ነው» ይላቸዋል። ዘማርያም ነገሩ ይከነክነው ነበር። ግን መሐንዲስ አይደለሁም ካለ ምን ስትሠራ ነበር መባሉ አይቀርም። ስለዚህ ዝም አለ፤ ዝምታውም ይበልጥ መሐንዲስ አስመሰለው።

ማጫወቻው ዘፈኖቹን የሚደረድረው በቁጥር ነው። ሁለት መቶ አሥራ አራት ናቸው። ከአርካዊት ሰፈር እየተመላለሰች አጠገቡ ጥረዛ የምትሠራው ሜሮን አንደኛውን ጆሮ ማዳመጫ ትወስዳለች፣ ሌላኛው የሱ ነው። ሦስት ዓመት እንዲህ ሠሩ። የዘፈን ስም ጠርተው አያውቁም። «ሰማንያ ስድስት» ትላለች ወረቀት እየበሳች። «ቆይ፣ አርባ አራት ይለቅ» ይላል እሱ። ኡስታዝ ሂሻም ከሐበሾች ጋር ብዙ ዓመት በመዋሉ የአማርኛ ቁጥር ይገባዋል። ሁለቱ ቁጥር ሲለዋወጡ በሰማ ቁጥር አክብሮቱ እየጨመረ ሄደ።

ዘማርያም ግን ጾም ላይ ቀልድ አያውቅም። በመጀመሪያው ዓመት ዐቢይ ጾም ሲገባ «ማጫወቻውን አልከፍተውም» ብሎ ለራሱ ቃል ገባ፤ እስከ ረቡዕ ቆየ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በቅበላው ቅዳሜ አማትቦ ከነአካቴው ያራግፈዋል፣ በፋሲካ ማግስት መልሶ ይጭነዋል። ማሽኑ ሲያራግፍ ምን ያህል ቦታ እንደሚለቀቅ ይናገራል። ዘማርያም ይህቺን መስመር ይወዳታል፤ ጾሙ ለማሽኑም የጠቀመው ይመስለዋል። አንድ ጊዜ ጉዳዩን ለነፍስ አባቱ አጫወታቸው።

«ዘፈኖቹንስ ጣልካቸው?» አሉት።

«የለም አባ፣ ማጫወቻውን ብቻ ነው የማራግፈው። ዘፈኖቹ እዚያው ናቸው።»

«ታዲያ ምኑን ጾምከው?»

«ዶሮዋም እኮ እቤት አለች አባ። አልበላኋትም እንጂ።»

አባ መስቀል አሳልመው «በል ሂድ» አሉት።

በ2015 ዓ.ም. ቅበላ እንደ ልማዱ የማራገፊያውን ትእዛዝ ጻፈ። ማሽኑ «ልቀጥል ወይ?» አለው። ጣቱን ቁልፉ ላይ እንዳደረገ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አፉ ላይ እየደረሰ የሚመለስበትን ነገር ድንገት አወጣው።

«ሜሮን፣ ብንጋባስ?»

የመብሻው ድምፅ ቆመ።

«አሁን? በቅበላ?»

«ምነው?»

«ሰርግ ሁለት ወር በማይታሰብበት ሰዓት ነው እንዴ ሰው የሚጠየቀው?» አለች። ከዚያ ጆሮ ማዳመጫዋን ነቅላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። «ለፋሲካ ስትጭነው የመጀመሪያውን ዘፈን እኔ ነኝ የምመርጠው። ቁጥሩን ስትሰማ መልሴን ታውቀዋለህ።»

ሁለቱም ቁጥሮቹን በቃላቸው ያውቋቸዋል። ሠላሳ አንድ የሰርግ ዘፈን ነው። መቶ ሰባት ደህና ሁን ብላ ስለሄደች ሴት የተዘፈነ ነው። ዘማርያም ቁልፉን ተጫነ፤ ማጫወቻው ተራገፈ።

ሃምሳ አምስት ቀን ቀላል አይደለም። አንድ ቀን የመጫኛውን ትእዛዝ ግማሽ ድረስ ጽፎ አጠፋው። በመሐል ረመዳን ገባና የሱቁ ሰው ሁሉ ጾመኛ ሆነ። ኡስታዝ ሂሻም ጥቁሩ መስኮት ከጠፋ መሰንበቱን ያኔ ልብ አለ።

«ያ ባሽሙሀንዲስ፣ ሥራ አቆምክ እንዴ?»

«ጾም ነው፣ ኡስታዝ።»

«እኔም ጾመኛ ነኝ። ግን ዋላሂ እሠራለሁ።»

ከስቅለት በፊት በነበረው የመጨረሻ የሥራ ቀን ሜሮን ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ቆመች። «ሰኞ» አለችው።

«ሰኞ» አለ ዘማርያም።

«ኢንሻአላህ» አለ ኡስታዝ ሂሻም፣ ሰኞ ምን እንዳለ ሳያውቅ።

ቅዳሜ ጠዋት ዘማርያም ካላክላ ሰፈር በሚገኘው ቤቱ ለፋሲካ ነጭ ልብሱን እያጠበ ሳለ ተኩስ ተጀመረ። ርችት ነው ያለ ጎረቤትም ነበር። ረፋድ ላይ ርችት ያለ ሰው አልነበረም። ወደ ሜሮን ደወለ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ማታውን ጭራሽ መጥራቱን ተወ። ፋሲካን ከጎረቤቶቹ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ወለል ላይ ተኝቶ በፉልና በዳቦ ፈሰከ። ሁለት ጊዜ ወደ አርካዊት ሊሄድ ወጥቶ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ከመንገድ መለሱት። ፈርቶ ነበር፣ ያውም በጣም። ሰኞ መጥቶ ሄደ። በጸሎቱ እንዲህ አለ፦ መቶ ሰባትም ትበል፣ ብቻ በሕይወት ቆይታ ትበለው።

ፋሲካ በዋለ በዘጠነኛው ቀን ጎረቤቶቹ ጎትተው ወደ ድንበሩ በኩል፣ ገዳሪፍ የሚሄድ አውቶቡስ ላይ አሳፈሩት። መንገዱን ሙሉ ስልኩን እያበራ ኔትወርክ እንደሌለው ያያል፣ መልሶ ያጠፋዋል። ገዳሪፍ መናኸሪያ ወደ መተማ የሚሄዱ ሐበሾች ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ተሰልፈዋል። እዚያ ሲደርስ ስልኩ ኔትወርክ አገኘና የቆየ መልእክት ሁሉ ተግተልትሎ ገባ። አንዱ ከማያውቀው ቁጥር የተላከ ነበር። የተላከው ከአራት ቀን በፊት ነው፤ የሰው ስልክ ለምና በችኮላ የጻፈችው ይመስላል።

«ከካርቱም ወጥቼ መደኒ ደርሻለሁ። ደህና ነኝ። 31።»

ዘማርያም ቁጭ አለ። ከፊቱ የተሰለፉ አንዲት ትልቅ ሴት «ምነው ልጄ፣ መርዶ ነው?» አሉት።

«ሠላሳ አንድ ነው» አላቸው።

«ሠላሳ አንድ ሰው ሞተ?» ብለው ደረታቸውን ያዙ።

ሊያስረዳቸው ፈለገ። ስለ ጥቁሩ መስኮት፣ ስለ ካርቶኑ፣ ስለ ቅበላው ሊነግራቸው አፉን ከፈተ፤ ከየት እንደሚጀምር ግን ጠፋው። ከቅበላ ወዲህ አንድም ዘፈን አልሰማም። ጾሙ ከተፈታ ግን ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ጉሮሮውን ጠረገና ሠላሳ አንድን ከመጀመሪያው ጀምሮ ያለ ማጫወቻ አወጣው። ድምፁ ምንም አይረባም፤ ሰርግ ላይ ቢሆን ያስቆሙት ነበር።

የሰርግ ዘፈን ደግሞ ተቀባይ ይፈልጋል። መጀመሪያ ሴትዮዋ ተቀበሉት፣ እንባቸው እየወረደ። ቀጥሎ ከኋላ ያለው ሰውዬ ጀመረ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሰልፉ በሙሉ ሻንጣውን እየደበደበ ይቀበል ነበር፤ ማን ማንን እንደሚያገባ አንድም ሰው አልጠየቀም።